የዶሮዋ ቁስልና የማታዋ ትንኝ

ክረምቱ ወጥቶ መስኩ አደይ አበባ ሲለብስ፣ በአንዳንዱ ግቢ ዶሮ አርቢውን የሚያስደነግጥ ነገር ይታያል። ትናንት ከእኩዮቿ ጋር ስትጭር የዋለች ቄብ ዛሬ አንድ ዓይኗን ጨፍና ጥግ ይዛለች። ጠጋ ብለው ሲያዩአት በራሷ ቀይ አክሊል ላይ፣ በዓይኗ ቆብና በምንቃሯ ሥር እንደ ኪንታሮት ያበጡ፣ ጠቆር ያሉ ቅርፊቶች ወጥተውባታል። ከሳምንት በኋላ ሌላዋ ዶሮ ላይ ይወጣል፤ ቆየት ብሎም ሦስተኛዋ ላይ። እመቤቲቱ "ፈንግል ገባብኝ" ትላለች፤ ጎረቤትም ያንኑ ይደግማል። የቀሩት ሳያልቁ ተብሎ ዶሮዎቹ በጥድፊያ ለበዓል ገበያ ይወሰዳሉ፤ በሽታውም አብሯቸው ገበያ ይወርዳል።

ይህ በሽታ ግን ፈንግል አይደለም፤ የዶሮ ፈንጣጣ ነው። ከአንዷ ዶሮ ወደ ሌላዋ ከሚያደርሱት ነገሮች ዋነኛዋ ደግሞ፣ ሲመሽ በቆጡ ዙሪያ ጥዝ የምትለው ትንኝ ናት። በአገራችን ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች አሉ። አብዛኞቹ የአገር ዝርያ ናቸው፤ የሚያድሩትም በገበሬው ቤት ጥግ ወይም ደጁ ላይ በተሠራ ቆጥ ነው። ለብዙ እናቶች እንቁላሉ የጨውና የዘይት፣ ጫጩቱ የደብተርና የእስክሪብቶ መግዣ ነው። ስለዚህ ትንኝ ወደ ዶሮ ስለምታመጣው በሽታ ማወቅ ለእንስሳት ሐኪም ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ትንኝ ቫይረስን ወደ ዶሮ፣ ወደ ዳክዬና ወደ ዝይ የምታደርስባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። በአንደኛው መንገድ ትንኟ እንደ ቆሸሸ መርፌ ታገለግላለች፤ በሁለተኛው ደግሞ ራሷ የቫይረሱ ማደሪያ ትሆናለች። ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ሰው መቼ ክትባት እንደሚያሻው፣ መቼ ውኃ መድፋት እንዳለበት፣ መቼም ለራሱ ጤና መጠንቀቅ እንደሚገባው ያውቃል።

ፈንግልና ፈንጣጣ

በመጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ገበሬው ፈንግል የሚለው በሽታ በእንስሳት ሕክምና ኒውካስል ይባላል። ፈንግል ትንኝ አያስፈልገውም። በታመመች ዶሮ ትንፋሽ፣ በኩሷ፣ በተነካካ ዕቃና በሰው ጫማ ይተላለፋል። መንደር ከገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆጡን ባዶ ሊያደርገው ይችላል። ዶሮዋ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ታስነጥሳለች፣ አረንጓዴ ታስቀምጣለች፣ አንገቷ ይጣመማል።

ፈንጣጣ ግን አዝጋሚ ነው። ቫይረሱ ከገባባት በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ4 እስከ 10 ቀን ይወስዳል፤ መንጋውን ለማዳረስም ሳምንታት ያስፈልጉታል። ይህ አዝጋሚነቱ ለአርቢው ትልቅ ዕድል ነው። ፈንግል ጊዜ አይሰጥም፤ ፈንጣጣ ይሰጣል። ስሙን ተሳስቶ "በቃ፣ አለቀልኝ" ያለ ሰው በእጁ የነበረውን ጊዜ ይጥለዋል።

ፈንጣጣ የሚለው ስም ሽማግሌዎችን ሌላ ነገር ያስታውሳቸዋል። የሰው ፈንጣጣ በአገራችን ስንቱን ገድሏል፣ ስንቱን ዓይነ ስውር አድርጓል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 በባሌ ነው፤ በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ደግሞ በማግስቱ ዓመት በጥቅምት ወር በሶማሊያዋ መርካ ተገኘ። የዶሮው ቫይረስና የሰዉ ቫይረስ ከአንድ ትልቅ ቤተሰብ የሚወለዱ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ነገር ግን የዶሮው ፈንጣጣ ሰውን አይዝም። እንግሊዝኛው በዶሮ ስም የሚጠራው የልጆች ጉድፍም ከዶሮ ጋር ዝምድና የለውም፤ ቫይረሱ ከሌላ ቤተሰብ ነው። የታመመች ዶሮ የነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከዚያ ያለፈ ፍርሃት ግን አያስፈልገውም።

ትንኟ እንደ ቆሸሸ መርፌ

ደም የምትመጠው ሴቷ ትንኝ ብቻ ናት። እንቁላሏን ለማሳደግ በደም ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ትፈልጋለች፤ ወንዱ በአበባ ማርና በዕፅዋት ጭማቂ ይኖራል። ዶሮ ሲመሽ ቆጥ ላይ ወጥታ ትሰፍራለች፤ ከጨለመ በኋላ ማየት ስለሚሳናት ትንኟን አታባርርም። ላባዋ ወፍራም ልብስ ስለሆነ ትንኟ የምትፈልገው ላባ የሌለበትን ቦታ ነው፤ አክሊሏን፣ ከጉሮሮዋ ሥር የሚንጠለጠለውን ቀይ ሥጋ፣ የዓይኗን ቆብ፣ አንዳንዴም እግሯን። የፈንጣጣው ቁስል በእነዚሁ ቦታዎች ላይ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቁስሉ ያለበትን ቦታ ያየ ሰው ትንኟ የት የት እንዳረፈች ያነባል።

ትንኟ የታመመችውን ዶሮ ስትነድፍ መውጊያዋ ቫይረሱ እጅግ በብዛት በተከማቸበት ቁስል ውስጥ ያልፋል። ቫይረሱ በትንኟ ሰውነት ውስጥ አይባዛም፤ እርሷንም አያሳምምም። መውጊያዋ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ትንኟ ከዚያ ተነስታ ጤነኛዋን ዶሮ ስትነድፍ ቫይረሱን በቆዳዋ ሥር ታስቀምጠዋለች። አንድ ጊዜ የተነካካች ትንኝ ለሳምንታት ያህል እንዲህ ብዙ ዶሮዎችን ልትበክል ትችላለች። በአንድ ያልታጠበ መርፌ ሰዎችን ተራ በተራ እንደመውጋት ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። ለዓመታት "ትንኝ ኤችአይቪን አታስተላልፍም" ስንባል ኖረናል፤ እውነትም ነው። ታዲያ የዶሮ ፈንጣጣን እንዴት ታስተላልፋለች? ልዩነቱ በሁለቱ ቫይረሶች ጠባይ ላይ ነው። ኤችአይቪ ከሰው አካል ውጪ በቀላሉ የሚጠፋ ቫይረስ ነው፤ በትንኝ መውጊያ ላይ ሊቀር የሚችለው የደም መጠንም ሰውን ለመበከል አይበቃም፤ ወደ ሆዷ የገባውም ከደሙ ጋር ይፈጫል። የፈንጣጣ ቫይረስ ግን ድርቀትን የሚችል ጠንካራ ነው። በወደቀ ቅርፊት ውስጥ ተሸሽጎ ለወራት ይቆያል። በቁስሉ ውስጥ ያለው ብዛትም ትንሽ ጠብታ እንኳ ለመበከል የሚበቃ ነው።

ትንኝ ዋነኛ አዛማች ብትሆንም ብቸኛዋ አይደለችም። ዶሮዎች ሲጣሉ የሚነካከሱበት ቁስል፣ በሽቦ የተጫረ ቆዳ፣ ከወደቀ ቅርፊት የሚነሳ አቧራ፣ ሁሉም ለቫይረሱ በር ይከፍታሉ። ትንኝ በሌለበት ደጋ አካባቢ ያለ አርቢም እንግዲህ "እኔን አይመለከተኝም" ሊል አይችልም።

ሁለቱ የፈንጣጣ መልኮች

በሽታው በሁለት መልክ ይመጣል። አንደኛው የቆዳው፣ ደረቁ ፈንጣጣ ነው። መጀመሪያ ነጣ ያለች ትንሽ እብጠት ትወጣለች፤ ታድግና ቢጫ ትሆናለች፤ በመጨረሻም ጠቁራና ደርቃ ቅርፊት ትሆናለች። ቅርፊቱ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይወድቃል። በዚህ መልክ የሚሞቱት ዶሮዎች ጥቂት ናቸው። ይሁን እንጂ ክብደት ይቀንሳሉ፣ እንቁላል ያቋርጣሉ፤ ሁለቱም ዓይኖቿ የተደፈኑባት ዶሮ ደግሞ እህሉ ፊቷ ተበትኖ ሳለ ሳታየው በረሃብ ልትሞት ትችላለች።

ሁለተኛው የአፍና የጉሮሮው፣ እርጥቡ ፈንጣጣ ነው። በምላስ፣ በላንቃና በአየር ቧንቧ አፍ ላይ ቢጫ፣ እንደ አይብ ያለ ሽፋን ይጋገራል። ዶሮዋ አንገቷን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ እየሳበች ትተነፍሳለች፤ መዋጥም ያቅታታል። ይህ መልክ እጅግ አደገኛ ነው፤ በከፋ ጊዜ ከታመሙት እስከ ግማሽ ያህሉን ሊገድል ይችላል።

ፈንጣጣ የሚመስሉ ሌሎች ችግሮችም አሉ። አውራ ዶሮዎች ሲጣሉ የሚቀር ቁስል አክሊል ላይ ቅርፊት ይተዋል፤ ነገር ግን በዓይን ቆብ ላይ ከጎን ለጎን ተደርድሮ አይወጣም፤ ከዶሮ ወደ ዶሮም አይሻገርም። የቫይታሚን ኤ እጥረት በአፍ ውስጥ ነጫጭ ነጥቦችን ያወጣል፤ በቆሎ ብቻ እየበሉ አረንጓዴ ቅጠል ለማያገኙ የተዘጉ ዶሮዎች ጎመንና ካሮት ሲጨመርላቸው ይሻሻላል። ፊቷ አብጦ ከአፍንጫዋ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚወርድባት ዶሮ ደግሞ በባክቴሪያ የሚመጣ ጉንፋን ይዟት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ካልታወቀ የእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይገባል፤ መድኃኒታቸው አንድ አይደለምና።

ለያዛት ዶሮ ምን ይደረጋል?

የፈንጣጣን ቫይረስ የሚገድል መድኃኒት የለም። ገበያ ላይ የሚሸጠው አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም፤ ቁስሉ መግል ከያዘ ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል፤ ያለዚያ ገንዘብ መበተን ነው። ይህ ማለት ግን የሚደረግ ነገር የለም ማለት አይደለም። የታመመችውን ለብቻ ማስቀመጥ፣ እህልና ውኃ አፏ ሥር ማቅረብ፣ ዓይኗ ለተደፈነባት ደግሞ በእጅ እየያዙ ማጉረስና ምንቃሯን ውኃ እያስነኩ ማጠጣት ያስፈልጋል። ለብ ባለ ጨውማ ውኃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ የዓይኗን ቆብ ያላቅቃል። እንዲህ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የተንከባከቧት ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ ትድናለች፤ ከዳነች በኋላም ይኸው ቫይረስ ሁለተኛ አይዛትም።

ቅርፊቱን መላጥ ግን ክፉ ልማድ ነው። ቅርፊቱ ሲላጥ ቆዳው ይደማል፤ መሬት ላይ የወደቀው ቅርፊትም ለሚቀጥለው ዓመት የበሽታ ዘር ሆኖ ይቀመጣል። የሞተችው ዶሮ ትቀበር ወይም ትቃጠል፤ የቆጡ ሥር ጉድፍም ተጠርጎ አብሮ ይቃጠል።

የትንኟን ሥራ የሚኮርጀው ክትባት

አሁን ወደ ዋናው መከላከያ እንምጣ። የዶሮ ፈንጣጣ ክትባት የሚሰጥበት መንገድ ከሌሎቹ የዶሮ ክትባቶች ይለያል። በውኃ አይጠጣም፤ በዓይንም ጠብ አይደረግም። የዶሮዋ ክንፍ ሲዘረጋ ከትከሻዋ አጠገብ ላባ የሌለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቆዳ ይታያል። ሁለት ጫፍ ያላት አጭር መርፌ በክትባቱ ውስጥ ትነከርና ይህን ስስ ቆዳ ከታች ወደ ላይ ትበሳዋለች። የምትገባው ጠብታ ከትንሽም ትንሽ ናት። ልብ ካልን ይህ ትንኟ የምትሠራው ሥራ ራሱ ነው፤ በቆሸሸ መውጊያ ኃይለኛውን ቫይረስ ከማስገባት ይልቅ በንጹሕ መርፌ የተዳከመውን ማስገባት። ክትባቱ ከትንኟ ቀድሞ ከደረሰ፣ ትንኟ ስትመጣ የዶሮዋ ሰውነት ጠላቱን አውቆ ይጠብቃታል።

የዚህ ክትባት ሌላው መልካም ነገር መያዝ አለመያዙ በዓይን መታየቱ ነው። ከ7 እስከ 10 ባለው ቀን ውስጥ ጥቂት ዶሮዎች ተይዘው ክንፋቸው ይታያል። በተበሳው ቦታ ትንሽ እብጠት ወይም ቅርፊት ካለ ክትባቱ ይዟል ማለት ነው። ምንም ምልክት ከሌለ ወይ ክትባቱ ፀሐይ አግኝቶት ሞቷል፣ ወይ መርፌው ላባ ነክቶ ቀርቷል፣ ወይም ዶሮዋ ቀድሞውኑ በሽታውን የምትቋቋም ነበረች። ምልክት ያልታየባቸው ከበዙ ክትባቱ ይደገማል። ይህን ያላየ ከታቢ ሥራውን በግማሽ ጥሎ እንደሄደ ይቆጠራል።

ክትባቱ ሕያው ስለሆነ ከማቀዝቀዣ እስከ ክንፍ ድረስ በበረዶ ሣጥን ይጓዛል፤ ከተበጠበጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። አንዱ ብልቃጥ የሚበቃው ለብዙ ዶሮዎች ነው። አምስት ዶሮ ያላት እናት ለብቻዋ ብትገዛ ብዙው ይደፋባታል። ስለዚህ እንደ ደቦ ተጠራርቶ፣ ከልማት ሠራተኛው ጋር ቀን ቆርጦ፣ የመንደሩን ዶሮ ሁሉ በአንድ ጠዋት ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ መከተብ ይሻላል። በአገራችን የእንስሳት ክትባት የሚመረተው ቢሾፍቱ ላይ ነው፤ የፈንጣጣውም ክትባት እዚያው ይሠራል። ሩቅ አገር ሄዶ የሚፈለግ ነገር አይደለም።

ጊዜው ከዝናቡ በፊት ነው። ትንኝ የምትበዛው በክረምቱ ውኃ ስለሆነና ኃይሏም ከመስከረም በኋላ ስለሚገን፣ ሚያዝያና ግንቦት ለክትባት የተመቹ ወራት ናቸው። ቄቦች እንቁላል መጣል ሳይጀምሩ ቢከተቡ ይመረጣል። በሽታው ገብቶ ከተገኘም፣ ጥቂቶች ብቻ ታመው ከሆነ፣ ጤነኞቹን ወዲያው መከተብ የቀሩትን ሊያተርፍ ይችላል። ፈንጣጣ አዝጋሚ በመሆኑ የሚሰጠን ጊዜ ያልነው ይህን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር በእንስሳት ጤና ውስጥ ከዚህ የበለጠ ቦታ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ትንኟ ማደሪያ ስትሆን

ሁለተኛው መንገድ ረቀቅ ያለ ነው። አንዳንድ ቫይረሶች በትንኟ መውጊያ ላይ አይንጠለጠሉም፤ ሰውነቷ ውስጥ ይኖራሉ። ከታመመ ወፍ ደም ጋር ወደ ሆዷ ይገቡና በአንጀቷ ሴሎች ውስጥ ይባዛሉ። ከዚያ በሰውነቷ ተሰራጭተው ምራቅ ዕጢዋ ዘንድ ይደርሳሉ። ይህ ጉዞ አንድ፣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ሙቀት ሲጨምር ያጥራል። ከዚያ በኋላ ትንኟ እስክትሞት ድረስ በነደፈች ቁጥር ቫይረሱን ከምራቋ ጋር ትረጫለች። ወባም የሚጓዘው በዚህ ዓይነቱ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ የወባው ጥገኛ ቫይረስ አለመሆኑ ነው።

ከእነዚህ ቫይረሶች በዓለም የታወቀው ዌስት ናይል ነው። መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1937 በኡጋንዳ ዌስት ናይል አውራጃ፣ ትኩሳት ከያዛት ሴት ደም ነው። ቫይረሱ የሚኖረው በወፎችና ኩሌክስ በሚባሉት የማታ ትንኞች መካከል እየተመላለሰ ነው። ሰውና ፈረስ በመንገድ ላይ የሚገኙ ተጎጂዎች ናቸው፤ በደማቸው ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን አነስተኛ ስለሆነ ከእነርሱ ወደ ትንኝ አይመለስም። ከሚያዙት ሰዎች አብዛኞቹ፣ ከአሥሩ ስምንቱ ያህል፣ ምንም አይሰማቸውም። ከ150 ሰዎች በአንዱ ያህል ግን ወደ አንጎል ዘልቆ ሽባ ሊያደርግ ወይም ሊገድል ይችላል።

የቤት ወፎችና ዌስት ናይል የተገናኙበት ታሪክ እስራኤል ውስጥ ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ዝይ በሚያረቡ ሰዎች መንጋ ውስጥ ከ3 እስከ 8 ሳምንት የሆናቸው ጫጩቶች እግራቸው እየከዳቸው፣ አንገታቸው እየተጣመመ ይሞቱ ጀመር። አንጎላቸው ሲመረመር ዌስት ናይል ተገኘ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1998 ደግሞ ከአውሮፓ ተነስተው ወደ አፍሪካ ሲጓዙ የነበሩ ሽመላዎች በኤላት ከተማ አረፉ፤ ከእነርሱም መካከል ያው ቫይረስ ተለየ። እነዚህ ሽመላዎች በየዓመቱ በዚያው ሰማይ ወደ እኛ አህጉር የሚወርዱት ናቸው፤ መስከረም ሲጠባ ከፊሎቹ የኢትዮጵያን ሰማይ ያቋርጣሉ።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1999 ክረምት፣ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ቁራዎች ከዛፍ እየወደቁ ሞቱ፤ ብሮንክስ በሚገኘው የእንስሳት ማቆያም ወፎች ታመሙ። በዚያው ሰሞን አዛውንቶች በአንጎል ብግነት ሆስፒታል ይገቡ ነበር። መጀመሪያ ሌላ በሽታ ነው ተባለ። የማቆያው የእንስሳት ሐኪም የወፎቹንና የሰዎቹን ሕመም አገናኝተው አጥብቀው ባይጠይቁ ኖሮ ስህተቱ ይቆይ ነበር። በዚያ ዓመት 7 ሰዎች ሞቱ። የቫይረሱ ዘር ሲመረመር፣ እጅግ የሚመስለው በ1998 እስራኤል ውስጥ ከሞተ ዝይ ከተወሰደው ጋር ሆኖ ተገኘ። በ2000 ደግሞ በእስራኤል ራሷ ከ400 በላይ ሰዎች ታመው 35ቱ ሞቱ። ዝይዎቹ የታመሙት ሰዎቹ ከመታመማቸው በፊት ነበር። የቤት ወፍ ሕመም የባለቤቱ ኪሳራ ብቻ ሳይሆን ለሰው ልጅ የሚቀድም ማስጠንቀቂያ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስተምራል።

ሌሎችም አሉ። በዚያው በእስራኤል ተርኪዎችን ሽባ የሚያደርግ፣ ነፍሳት የሚያዛምቱት ቫይረስ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ይታወቃል፤ በኋላም በደቡብ አፍሪካ ታይቷል። በቻይና እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደይ ወራት እንቁላል ጣይ ዳክዬዎች በድንገት መብላት ቀነሱ፤ እንቁላላቸውም በቀናት ውስጥ ሊቋረጥ ምንም አልቀረውም። አምጪው ቴምቡሱ የተባለ ቫይረስ ነበር፤ ይኸውም ከዚያ አምሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ማሌዥያ ውስጥ ከትንኞች ተለይቶ የተቀመጠ። የሚያስጨንቀው ደግሞ ትንኝ በማይኖርበት ብርድ ወራትም በሽታው አለመቆሙ ነው። ዳክዬዎቹ ተጨናንቀው በሚኖሩበት ቤት ቫይረሱ ያለ ትንኝ፣ ከዳክዬ ወደ ዳክዬ መሻገር ችሎ ነበር። በዝይዎችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እንግዲህ ትንኝ በሩን የምትከፍት ብትሆንም፣ ወፎች ከተጨናነቁ በሽታው ከገባ በኋላ እርሷን ላይጠብቅ ይችላል።

ዶሮ እንደ ምስክር

ዝይና ዳክዬ እንዲህ ሲጎዱ ዶሮስ? ዶሮ በዌስት ናይል ትያዛለች፤ ነገር ግን የጫጩትነት ጊዜዋን ካለፈች አትታመምም ማለት ይቻላል። በደሟ ውስጥ የሚገኘው ቫይረስም ጥቂትና ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ትንኝን መልሶ አይበክልም። ሰውነቷ ግን ከቫይረሱ ጋር የተዋጋበትን ምልክት፣ ሐኪሞች ፀረ እንግዳ አካል የሚሉትን፣ በደሟ ይይዛል።

ይህ ጠባይዋ ታላቅ አገልግሎት እንድትሰጥ አስችሏታል። በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተለያዩ አውራጃዎች ጥቂት ዶሮዎች በክፍት ቤት ይቀመጣሉ። ባለሙያዎች በየጊዜው እየመጡ ከክንፋቸው ጥቂት ደም ይወስዳሉ። ያለፈው ሳምንት ደም ንጹሕ ሆኖ የዚህ ሳምንቱ ምልክት ካሳየ፣ በቫይረስ የተበከለች ትንኝ በዚያ አካባቢ እየነደፈች ነው ማለት ነው። ያኔ ለሕዝቡ ማስጠንቀቂያ ይነገራል፤ ትንኝ መከላከሉም ይጠናከራል። በአውስትራሊያም ለሌላ የአንጎል በሽታ ይህንኑ ያደርጋሉ። ዶሮዋ ሳትታመም ለሰው ትመሰክራለች። ጥቂት ዶሮዎች፣ መርፌና ላቦራቶሪ ብቻ የሚጠይቅ፣ ለአገራችን ዓይነት አቅምም የማይከብድ ዘዴ ነው።

"ዶሮዎች ትንኝ ወደ ቤት ይጠራሉ?"

ይህ ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ነው። መልሱ እንደ ትንኟ ዓይነት ይለያያል። ኩሌክስ የሚባሉት ትንኞች የወፍ ደም ይወዳሉ። በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፌለስ አረቢየንሲስ ግን ዶሮን ትሸሻለች። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከስዊድን የመጡ ተመራማሪዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ መንደሮች ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በቀፎ ውስጥ ያለች ዶሮ በመኝታ አጠገብ ስትሰቀል፣ ወደ ወጥመዱ የሚመጡት የወባ ትንኞች ቁጥር ቀንሷል፤ ከዶሮ ሽታ የተለዩ አንዳንድ ንጥረ ነገሮችም እንደዚሁ አባረዋታል። ይህ የምርምር ውጤት እንጂ አጎበርን የሚተካ አይደለም። ከዶሮ ጋር በአንድ ክፍል ማደርም ሌላ በሽታ ስለሚያመጣ አይመከርም። ነገር ግን ትንኝ ሁሉ አንድ እንዳልሆነች፣ እያንዳንዷም የምትመርጠው ደም እንዳላት ያስገነዝበናል።

ሁለቱን መንገዶች የሚዘጋ አንድ ሥራ

መርፌ ሆና የምታገለግለውም ሆነች ማደሪያ የምትሆነው ትንኝ የምትወለደው ከቆመ ውኃ ነው። ኩሌክስ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 300 የሚደርሱ እንቁላሎቿን እንደ ትንሽ ታንኳ አያይዛ በውኃ ላይ ትጥላለች፤ የቆሸሸ ውኃም አይጎረብጣትም። በሞቃት አካባቢ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያለው ጊዜ ከአንድ ሳምንት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ግቢውን የሚዞር ሰው ትውልዳቸውን ሊያቋርጥ ይችላል። የተጣለ ጎማ፣ የተሰበረ ማሰሮ፣ ክዳን የሌለው በርሜል፣ የእጣቢ ውኃ የሚተኛበት ጉድጓድ፣ ያልተከደነ የሽንት ቤት ቀዳዳ፣ ይታያሉ። የዶሮዎቹ የመጠጫ ገንዳም ራሱ ሳይታጠብ ከቆየ የትንኝ ማሳደጊያ ይሆናል፤ በየቀኑ ተደፍቶ በብሩሽ ይፈተግ።

የዶሮ ቤት መስኮት በጥቃቅን ወንፊት ሽቦ ቢሸፈን አየር ይገባል፣ ትንኝ ይቀራል። ለሰብል የተገዛ ፀረ ተባይ ግን በዶሮ ቤት አይረጭ፤ ዶሮዋን ይመርዛል፤ በእንቁላሉ አልፎም የልጆቻችን ማዕድ ላይ ይደርሳል። ከገበያ የመጣች ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ሳትቀላቀል ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። ወፎች በድንገት አንገታቸው ሲጣመም፣ እግራቸው ሲከዳቸው ወይም በዱር ቁራና ድንቢጥ በብዛት ሞተው ሲገኙ ደግሞ፣ ለቅርቡ የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን መንገር የዜግነት ግዴታ ነው። የኒውዮርኩ ታሪክ እንዳሳየን፣ ወፎች ሲናገሩ ጆሮ የሰጠ ሰው የሰዎችን ሕይወት ያተርፋል።

ትንኝን ከምድር ማጥፋት አንችልም። ቆጡ ላይ ከመድረሷ በፊት መቅደም ግን እንችላለን። የክትባቱ ብልቃጥ ከአንዲት ዶሮ ዋጋ አይበልጥም፤ ውኃ መድፋትም ገንዘብ አያስወጣም። በዚህ ዓመት ሰማዩ ከመጥቆሩ በፊት፣ እርስዎም ጎረቤቶችዎን ይጥሩ፤ ከልማት ሠራተኛው ጋር ቀን ይቁረጡ፤ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱም በየተራ ክንፋቸውን ይዘርጉ። በአሥረኛው ቀን ተመልሰው ቅርፊቷን ይፈልጉ። እርሷን ካገኙ መስከረም ላይ የሚታየውን ትልቁን ቅርፊት አያዩም።